ፓርኩ የሚጀምረው ከመኪናው ደረጃ ነው

ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሆነች ወጣት። ቦታው ናይሮቢ፣ ጊጊሪ ነው። ጉዳዩ ከሀገር ቤት ለጥየቃ የመጡ አረጋውያን ወላጆችን በከዘራ፣ በዎከር ወይም በዊልቸር ወደ መዝናኛ ስፍራ ስለመውሰድ ነው።

መምህሩ፦ ልጄ፣ እዚህ ጊጊሪና አካባቢዋ የመዝናኛ ቦታ ሞልቷል። ሊሙሩ መንገድ ላይ ቪሌጅ ማርኬት አለ፤ አለፍ ሲሉ እ.ኤ.አ. በ2017 የተከፈተው ቱ ሪቨርስ ከነመጫወቻ ፓርኩና ሰው አሳፍሮ ከሚሽከረከረው ግዙፍ ጎማው ጋር ይገኛል፤ በዚህ በኩል ደግሞ የካሩራ ደን ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳር፣ ከደሴ እናት አባቱን ያስመጣ ሰው ቅዳሜ ሲደርስ ልጆቹን ሰብስቦ ወደነዚህ ቦታዎች ይወጣል። አያትየው ግን ብዙውን ጊዜ ወይ ቤት ይቀራሉ፣ ወይ ካፌ ውስጥ ቦርሳና ጃኬት ሲጠብቁ ይውላሉ። እኔ ይህ የዕድሜ ነገር ነው እላለሁ፤ ጉልበት ሲደክም ከጨዋታ መቅረት ያለ ነው። አንቺ ጥፋቱ የጉልበቱ አይደለም ትያለሽ። ታዲያ የማን ነው?

ወጣቷ፦ የመንገዱ ነው፣ ጋሼ። መንገድ ስል አስፋልቱን ብቻ አይደለም። ከሳሎን ሶፋ ተነስቶ የልጅ ልጅ አጠገብ እስከ መቀመጥ ያለውን ሁሉ ነው፤ መኪናው ጋ መድረስ፣ መሳፈር፣ መውረድ፣ ከመኪና ማቆሚያው እስከ በሩ፣ ከአንዱ መጫወቻ ወደ ሌላው፣ ከዚያም ይህንኑ ሁሉ ደክሞ መመለስ አለ። ከእነዚህ አንዱ ከተበጠሰ የቀሩት ቢሟሉም አይጠቅሙም። ጉልበታቸው በአርትራይተስ የተጎዳ እናት ሜዳ ላይ ከዘራ ይዘው፣ እያረፉ ደህና አድርገው ይሄዳሉ፤ የማታቱ፣ የዚህ ሀገሩ ሚኒባስ፣ ደረጃ ላይ ሲደርሱ ግን ነገሩ ያበቃል። ከፍ ያለ ደረጃ ሲወጣ የሰውነት ክብደት ሁሉ በአንድ የታጠፈ ጉልበት ላይ ያርፋል። ሲወረድ ደግሞ ያው ጉልበት ክብደቱን እንደያዘ ቀስ እያለ መልቀቅ አለበት፤ ይህ ለብዙዎቹ ከመውጣቱ የባሰ ነው። ስለዚህ ወላጆቻችንን ከፓርክ የሚያስቀራቸው ከፓርኩ ስፋት በፊት ያ አንድ ደረጃ ነው። እኛ ደግሞ ዊልቸር ለመግዛት፣ ከውጭ ለማስላክ፣ ዋጋ ለማወዳደር ብዙ እንደክማለን፤ ወንበሩ በምን መኪና እንደሚሄድ ግን አንጠይቅም።

መምህሩ፦ ቆይ፣ ከመኪናው በፊት የሚቀድም ነገር አለ። የእኛ ሰው ከዘራ ይይዛል፤ ከዘራ የሽማግሌ ክብር ነው። ቤተ ክርስቲያንም መቋሚያ ተደግፎ ሌሊቱን ይቆማል። ዊልቸር ግን ሌላ ነው። በአደባባይ፣ በልጅ ልጆቹ ፊት ተቀምጦ መገፋት ለአንድ አባት “አበቃልህ” እንደ መባል ነው። “በእግሬ ካልሄድኩ ይቅርብኝ” ቢል አልፈርድበትም። ልጆቹ ክንዱን ይዘው፣ ሲያስፈልግም ተሸክመው ቢወስዱት ምን አለበት? ወላጅን መሸከም በእኛ ዘንድ ምርቃት ያስገኛል።

ወጣቷ፦ እነዚሁ አባት ቦሌ ላይ ምን እንደሚያደርጉ ያስቡ። ልጃቸው ትኬቱን ሲቆርጥ የዊልቸር አገልግሎት ያስመዘግባል፤ ሠራተኛው ይቀበላቸውና ፍተሻውንና ኢሚግሬሽኑን አሳልፎ አውሮፕላኑ ድረስ ይገፋቸዋል፤ ጆሞ ኬንያታ ላይ ሌላው ይረከባቸዋል። ዋሽንግተን ያለች ልጃቸውን ሊጠይቁ ለሚሄዱ እናቶችማ ቋንቋውም ስለሚያስቸግር ገፊው መንገድ መሪያቸውም ነው። በዚህ የሚያፍር ሰው ብዙ አያዩም፤ እንዲያውም የነጠላቸውን ጥለት አስተካክለው፣ ቀና ብለው ነው የሚቀመጡት። ያው ወንበር ነው፣ ያው ሰው ናቸው። የተለየው አገልግሎቱ ከጉዞው ጋር አብሮ መምጣቱ ነው፤ ማንም “አለቀልዎ” አላላቸውም፣ “ርቀቱ ረጅም ነው” ነው የተባሉት። አየር መንገዶች በዓለም ዙሪያ ይህን በሦስት ክፍል ይለዩታል። አንደኛው፣ ደረጃ መውጣትና ወንበሩ ድረስ መራመድ የሚችል፣ ረጅሙን ርቀት ግን የማይችል ነው፤ ሁለተኛው፣ ደረጃ መውጣት የማይችል፣ አውሮፕላኑ ውስጥ ግን የሚራመድ፤ ሦስተኛው እስከ መቀመጫው ድረስ እርዳታ የሚሻ። አብዛኞቹ ወላጆቻችን በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ውስጥ ናቸው። እኛ ግን ቤት ውስጥ ሁለት ምርጫ ብቻ እንሰጣቸዋለን፤ ወይ ይሄዳሉ፣ ወይ አይሄዱም።

መሸከሙን በተመለከተ ፍቅሩን አልነካውም፤ ውጤቱን ግን እንየው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ይሞታሉ፤ ለሞት በሚያደርስ መውደቅ ብዙ የሚጠቁትም ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ናቸው። ከብብት ሥር ይዞ ወደ ላይ መጎተት የአረጋዊን ትከሻ ይጎዳል፣ ሚዛናቸውንም ያስታል፤ የተሸካሚው ወገብም ዋጋውን ይከፍላል። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ደግሞ ሌላ ነው። የሚሸከሙት ሰው “አሁን ልሂድ፣ አሁን ልመለስ፣ ሽንት ቤት አድርሱኝ” ለማለት ይሳቀቃል። ብዙ እናቶች መንገድ ሲወጡ ውኃ የማይጠጡት ለዚህ ነው። የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በአንቀጽ 20 ላይ ስለ ግል እንቅስቃሴ ሲደነግግ ሰው በመረጠው መንገድና በመረጠው ጊዜ እንዲንቀሳቀስ ይላል። ክብር ያለው እዚያ ላይ ነው፣ ጋሼ፤ ጊዜውን ራስ መምረጥ ላይ።

መምህሩ፦ አየር መንገድ ገንዘብ አለው፣ ሕግም ያስገድደዋል። አንድ የመጫወቻ ፓርክ ይህን ሁሉ ከየት ያመጣል?

ወጣቷ፦ ያመጡትን እንይ። ፍሎሪዳ ውስጥ ኦርላንዶ አጠገብ ያለው የዲዝኒ ዓለም እ.ኤ.አ. በ1971 ሲከፈት ጀምሮ ስፋቱ እንደ ከተማ ስለሆነ ሰውን በሞኖሬይልና በጀልባ፣ ኋላም በብዙ አውቶቡሶች ማጓጓዝ ግድ ሆነበት። እ.ኤ.አ. በ1990 የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ሲወጣ ግዴታው ከበሩ ውስጥ ላለው ብቻ አልሆነም፤ ማመላለሻውንም ያዘ። ዛሬ አውቶቡሶቹ መወጣጫ ወይም ማንሻ አላቸው። ሞኖሬይሉ ጋ ሠራተኛው በመድረኩና በባቡሩ መካከል ያለውን ክፍተት በትንሽ ድልድይ ይሸፍናል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረው በገመድ የሚሄደው ጎንዶላ ደግሞ ሳይቆም የሚዞር ነው፤ ለዊልቸር ግን ለብቻው የተለየ መሳፈሪያ ተሠርቶለታል፤ እዚያ ካቢኑ ቆሞ ይጠብቃል፣ የሌላው ሰልፍ ግን አይቋረጥም። እኔን የሚገርመኝ ይህ የመጨረሻው ነው። አረጋዊቷ “ፍጠኑ” እንዳይባሉ የማሽኑ አካሄድ ራሱ ተለወጠ። ገና ንድፉ ሲሠራ ታስቦበት ስለነበር ኋላ ማፍረስ አላስፈለገም።

መምህሩ፦ ፍሎሪዳ ሜዳ ናት፣ አሜሪካም ሀብታም። እዚህ ባለ 14 መቀመጫ ማታቱ ነው ያለን። ሒሳቡን እኔ ልንገርሽ። ለዊልቸር የሚመከረው መወጣጫ ለ1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይፈልጋል አይደል? የመኪናው ወለል ከመሬት 40 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 4 ሜትር ከ80 መወጣጫ ሊሸከም ነው። መኪናው ራሱ ስንት ሜትር ሆነና! እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት ያምራል እንጂ አይሆንም።

ወጣቷ፦ ሒሳቡ ልክ ነው፤ መደምደሚያው ግን ሌላ መንገድ አለው። ልዩነቱን ሁሉ መኪናው ለምን ይሸከም? ፓርኩ በር ላይ ያለውን መሳፈሪያ በሲሚንቶ 25 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት።

መምህሩ፦ 15 ይቀራል። በ12 ሲባዛ 1 ሜትር ከ80።

ወጣቷ፦ ያ ደግሞ ታጥፎ መኪናው ውስጥ የሚቀመጥ፣ አንድ ሰው ዘርግቶ የሚመልሰው መወጣጫ ነው። ከፍ ወዳለው መሳፈሪያ የሚያወጣው ረጅሙ ተዳፋት ግን የፓርኩ ነው፤ አንዴ ይገነባል፣ የሕፃን ጋሪ የምትገፋ እናትም፣ እርጉዝም፣ ሻንጣ የሚጎትትም ይሄድበታል። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርም ሐሳቡ ይኸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ሲጀምር ያመጣቸው ፉርጎዎች አብዛኛው ወለላቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ ከመድረኩ ወደ ውስጥ መግባት ደረጃ መውጣት አይጠይቅም። ነገር ግን ከመሬት ከፍ ባሉት ጣቢያዎች አሳንሰሩ ካልሠራ ያ ሁሉ ዝቅ ያለ ወለል ከደረጃው በላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት በአንድ ማያያዣ የሚበጠስ ማለት ይህ ነው።

ማታቱ አይለወጥም የሚለውን ደግሞ የናይሮቢ ታሪክ ራሱ ይመልሰዋል። የያኔው የትራንስፖርት ሚኒስትር ጆን ሚቹኪ ያወጡት ደንብ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2004 ሥራ ላይ ሲውል ማታቱ ሁሉ የደኅንነት ቀበቶ፣ የፍጥነት መገደቢያና በጎኑ ቢጫ መስመር እንዲኖረው፣ ትንሹም ከ14 መንገደኛ በላይ እንዳይጭን ታዘዘ። ያላሟላ ከመንገድ ወጣ። ባለንብረቶች ጮኹ፣ አድማም መቱ፤ ግን አሟሉ። በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የኬንያ የአካል ጉዳተኞች ሕግ የሕዝብ ማመላለሻ ባለንብረቶች ተሽከርካሪዎቻቸውን ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲያደርጉ ግዴታ ጥሎ፣ ማስተካከያውን በ2 ዓመት እንዲጨርሱ ይል ነበር። ሀገሩ አንድ፣ ዘመኑ አንድ፣ መኪናው አንድ። አንዱን ትራፊክ ፖሊስ መንገድ ላይ ቆሞ አስከበረው፤ ሌላው መጽሐፍ ውስጥ ቀረ። ልዩነቱን ድህነት ብቻውን አያስረዳውም፤ አንዱ የሚያስከብር ሰው ነበረው፣ ሌላው አልነበረውም። ለንደንም ብትሆን በልዩ መኪና ብቻ አልተወሰነችም። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ጥቁሩ ታክሲ ሁሉ ዊልቸር የሚያስገባ እንዲሆን የፈቃድ መስፈርት አደረገችው።

መምህሩ፦ ሕጉ ካለ ታዲያ ለምን እኔና አንቺ እዚህ እንከራከራለን? የኬንያ ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2010 ወጥቷል፤ እዚህ በሰፈራችን ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት አለ።

ወጣቷ፦ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 አካል ጉዳተኛ ወደ ማንኛውም ቦታና ወደ ሕዝብ ማመላለሻ የመድረስ መብት እንዳለው ይናገራል፤ አንቀጽ 57 ስለ አረጋውያን ነው፤ አረጋዊ የሚባለውም 60 ዓመት የሞላው ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የአካል ጉዳተኞች ሕጉ በአዲስ ተተክቷል። የመብት ስምምነቱን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ኢትዮጵያ በ2010 አጽድቀዋል። የእኛ የሕንፃ አዋጅም፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 624፣ ለሕዝብ የሚያገለግል ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ እንዲኖረው አዟል። አዋጁ ግን የሕንፃ አዋጅ ነው፤ በመኪናውና በበሩ መካከል ያለውን ሜዳ የሚያየው ማን እንደሆነ አይታወቅም። የፓርኩ ሰው “የትራንስፖርት ጉዳይ ነው” ይላል፣ የትራንስፖርቱ ሰው “የፓርኩ ነው” ይላል። ወላጅ የሚወድቀው በዚህ መሀል ነው።

መምህሩ፦ ይሁን። እስከዚያ ድረስ ግን ሰው በፊቱ ባለው ማታቱና ታክሲ ነው የሚሄደው። ባለሙያ ነሽና፣ ምን ያድርግ?

ወጣቷ፦ መጀመሪያ መሣሪያውን ከሰውየው ጋር ያስተካክል። የከዘራው እጀታ ቆመው እጃቸውን ሲያንጠለጥሉ አንጓቸው ጋ መድረስ አለበት፤ የሚያዘውም ከታመመው እግር በተቃራኒው እጅ ነው። ብዙ ሰው በታመመው በኩል ይይዛል። የጫፉ ጎማ ካለቀ በቪሌጅ ማርኬት ዓይነቱ ለስላሳ ወለል ላይ ያንሸራትታል፤ ጎማው ርካሽ ነው፣ መቀየር ነው። ደረጃ ሲወጣ ጤነኛው እግር ይቀድማል፤ ሲወረድ ከዘራውና የታመመው ይቀድማሉ። ወደ ታክሲ ሲገባ እግር አስቀድሞ መግባት አይደለም፤ ጀርባን ለመቀመጫው ሰጥቶ መቀመጥ፣ ከዚያ ሁለቱንም እግር አንድ ላይ አዙሮ ማስገባት ነው። መቀመጫው በጣም ዝቅ ያለ መኪና ለመነሳት ያስቸግራል፣ እንደ ጂፕ ከፍ ያለውም ለመውጣት። ሲቀመጡ ዳሌያቸው ከጉልበታቸው እኩል ወይም ትንሽ ከፍ የሚልበት ይመረጣል። የሚታጠፍ ዊልቸር እግር ማሳረፊያው ከወለቀለት እንደ ፕሮቦክስ ያለች መኪና ኋላ ይገባል።

ሰውየው ዊልቸሩ ላይ እንደተቀመጡ መኪና የሚገቡ ከሆነ ግን ጥብቅ ነገር አለ። የወንበሩ ፍሬን ቆሞ ለመነሳትና ለመቀመጥ የተሠራ ነው፤ መኪናው ድንገት ፍሬን ሲይዝ ወንበሩን አያቆመውም። ወንበሩ በአራት ማዕዘኑ ከወለሉ ጋር በማሰሪያ መታሰር አለበት፤ ሰውየውም ለብቻ ቀበቶ ያስፈልጋቸዋል። ይህ ከሌለ ወደ መኪናው መቀመጫ መዛወር ይሻላል። ባለ ባትሪው ስኩተርም እንዲሁ ነው፤ አብዛኞቹ አምራቾች መኪና ሲንቀሳቀስ ላዩ ላይ አትቀመጡ ይላሉ። ዎከርን እንደ ዊልቸር አድርጎ ሰው አስቀምጦ መግፋትም አደጋ ነው፤ ብዙዎች በደግነት ሲያደርጉት ይታያል።

መምህሩ፦ ካሩራስ? እኔ ብሆን ከሚሽከረከረው ጎማ ይልቅ ደኑን እመርጣለሁ። ዋንጋሪ ማታይ ሰው አስተባብረው ከመሬት ነጣቂ ያስጣሉት ደን ነው፤ ያንን ሳያዩ መመለስ ይቆጫል።

ወጣቷ፦ ካሩራ ከ1,000 ሄክታር በላይ ነው። ሰፋፊዎቹ የውስጥ መንገዶች ኮረትና ቀይ አፈር ናቸው፤ ደረቅ ሲሆኑ በዊልቸር ይሄዱባቸዋል። ፏፏቴውና ዋሻዎቹ ጋ ለመድረስ ግን ወደ ወንዙ ሸለቆ መውረድ ግድ ነው፤ እርሱን በግልጽ መናገር ይሻላል። ሆስፒታል ውስጥ የምናየው ወንበር የፊት ጎማዎቹ ትንንሽና ደረቅ ስለሆኑ ዝናብ በጣለ ማግሥት እዚያ ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል፤ ገፊው ሳያውቅ ከቀጠለ ተቀማጩን ወደ ፊት ይደፋቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የዊልቸር መመሪያ ወንበር ከሚሄድበት መሬት ጋር ይመጣጠን የሚለው ለዚህ ነው። ለእንዲህ ያለው መሬት ሦስት ጎማ ያለው፣ የፊቱ ሰፊና ከመቀመጫው ራቅ ያለ ወንበር አለ። ናይሮቢ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ1958 የተመሠረተው የኬንያ የአካል ጉዳተኞች ማኅበር ዊልቸር ይሠራል። የደን ወይም የፓርክ አስተዳደር እንዲህ ያሉ ጥቂት ወንበሮች በር ላይ ቢያስቀምጥ ቤተሰቡ የራሱን ከታክሲ ጋር ማታገል አይኖርበትም።

መምህሩ፦ አሁንም አንድ ነገር ይቀረኛል። አያቶች እኮ እዚያ መሄድ የማይፈልጉም አሉ። “እናንተ ሂዱ፣ እኔ ቡና አፍልቼ እጠብቃለሁ” የሚሉት ከልባቸው ነው።

ወጣቷ፦ ከልባቸው የሆኑ አሉ፤ እነሱን ጎትቶ መውሰድ ያው በሰው ላይ መወሰን ነው። ሌሎቹ ግን ልጆቻቸውን ላለማስቸገር ነው የሚሉት። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው መንገዱ ሲመቻች ብቻ ነው። መሄድ በማይቻልበት ቦታ “አልፈልግም” ማለት ምርጫ አይባልም። የልጅ ልጆቹም አያታቸው ሁልጊዜ ቤት የሚቀሩ ሰው ናቸው ብለው እንዲያድጉ አልፈልግም።

ይህን የምለው ስለ ናይሮቢ ብቻም አይደለም። አዲስ አበባ በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክን፣ በ2013 ዓ.ም. እንጦጦ ፓርክን ከፍታለች። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚያ ዊልቸር ሽቅብ መግፋት ጎረምሳን ያስተነፍሳል፣ ልብና ሳንባቸው ለደከመ አረጋዊ ደግሞ ጥቂት ሽቅብ መራመዱም ይከብዳል። እንዲህ ባለ ቦታ የውስጥ ማመላለሻ እንደ ቅንጦት ሊታይ አይገባም፤ ለእነርሱ መግቢያው በር እርሱ ነው። ፓርክ እየተስፋፋ ባለበት በዚህ ጊዜ የመሳፈሪያውን ከፍታ ማስተካከል በሲሚንቶ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ከተገነባ በኋላ ግን ማፍረስ ይሆናል።

መምህሩ፦ እንግዲያው ልጅ አባቱን ከመውሰዱ በፊት ስልክ አንስቶ ምን ብሎ ይጠይቅ?

ወጣቷ፦ “ዊልቸር ታስገባላችሁ ወይ?” ብሎ አይጠይቅ፤ ሁሉም “አዎ” ይላል። መኪናችሁ መሬት ላይ ሲቆም ደረጃው ምን ያህል ከፍ ይላል? መወጣጫ አለው? የሚያስር ማሰሪያ አለው? ከመኪና ማቆሚያው እስከ በሩ ስንት ሜትር ነው፣ መሀል ላይ ማረፊያ ወንበር አለ? ሽንት ቤቱ በሩ ዊልቸር ያስገባል? ማታ ስንመለስ ያው መኪና ይኖራል? ብሎ ይጠይቅ። የፓርክ ኃላፊዎች ደግሞ ይህን ለክተው መግቢያው ላይ፣ ከዋጋው ዝርዝር ጎን ይጻፉት፤ ሜትርና ማስመሪያ ብቻ ነው የሚጠይቀው። መልስ ከሌላቸው፣ እባካችሁ፣ እስኪኖራቸው ድረስ እየደወላችሁ ጠይቋቸው።